ማዘጋጃ ቤቱ ሰነድ ሲከለክላችሁ፦ የይግባኝ አጻጻፍና አካሄድ ዝርዝር መመሪያ

ማዘጋጃ ቤቱን ወይም የአካባቢውን አስተዳደር አንድ ሰነድ ጠይቃችሁ ነበር። በጽሑፍ፣ በሥርዓቱ። ሳምንታት አለፉና መልሱ መጣ። «ጥያቄዎን ለማስተናገድ የማንችል መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩን ይተወዋል። ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ በቃ።

እባካችሁ አትተዉት። የመጀመሪያውን መልስ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የተደራረበበት አንድ ሠራተኛ ነው። ሕጉን ገልጦ ላይሆን ይችላል። ሰነዱን ራሱ አውጥቶ ላያየውም ይችላል። «ከሰጠሁ እጠየቃለሁ፣ ካልሰጠሁ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ስጋትም አለ። ይግባኝ ስትሉ ጉዳዩ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ያ ሰው የተከለከለበትን ምክንያት ሕጉ ላይ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ካላገኘው ሰነዱ ይለቀቃል።

መብቱ የቆየ ነው። ስዊድን ዜጎች የመንግሥትን ሰነድ የማየት መብት እንዳላቸው በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ቀኑና ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የይግባኙ አካሄድ ግን ይቀራረባል። ከዚህ በታች ያለውን እንደ መንገድ ተጠቀሙበት፤ ትክክለኛውን ቀንና አድራሻ ደግሞ ከምትኖሩበት ቦታ ሕግ ላይ አረጋግጡ።

1. ደብዳቤውን እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት

አንድ ጊዜ ለመረዳት አንብቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ያዙና አራት ነገር አስምሩ፦ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን፣ የጠቀሰውን የሕግ አንቀጽ፣ የከለከለው የትኛውን ሰነድ እንደሆነ፣ ይግባኝ የት እንደሚቀርብ። ከአራቱ አንዱ ከጠፋ ዳር ላይ «የለም» ብላችሁ ጻፉ። አንቀጽ ሳይጠቅስ የከለከለ ደብዳቤ ብዙ ቦታ በራሱ ጉድለት ነው፤ ይግባኙ ላይ የመጀመሪያው ነጥባችሁ ይሆናል።

ቀጥሎ «እምቢ» ያላችሁ በምን መልኩ እንደሆነ ለዩ። ቀጥተኛ ክልከላ አለ። ሰነዱን ሰጥቶ ግማሹን በጥቁር ቀለም መሸፈን አለ። «እንዲህ ያለ ሰነድ የለንም» አለ። «ጥያቄዎ በጣም ሰፊ ነው» አለ። ማንም ሊከፍለው የማይችል የኮፒ ዋጋ መጥራትም አለ። ዝም ማለትም አለ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ሰው ያሰለቻል። በብዙ ሕጎች ቀኑ ካለፈ ዝምታው እንደ ክልከላ ይቆጠራል። ስለዚህ ደብዳቤ ባይደርሳችሁም ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፤ «መልስ እስኪመጣ ልጠብቅ» ብላችሁ ወራት አታቃጥሉ።

2. ቀነ ገደቡን ዛሬውኑ ፈልጉ

ሌላውን ሁሉ ነገ ማድረስ ይቻላል። ይሄን ግን ዛሬ አድርጉት። በሕግ በኩል የሚያሸንፍ ይግባኝ በሁለት ቀን መዘግየት ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ተመልከቱ። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት አንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሲከለክላችሁ በ30 ቀን ውስጥ እዚያው ለተሰየመ ይግባኝ ሰሚ ትጽፋላችሁ፤ እሱም በ10 የሥራ ቀን መወሰን አለበት። ፔንስልቬንያ ላይ ያላችሁ 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ይግባኙ የሚሄደውም ከማዘጋጃ ቤቱ ውጭ ወዳለ የግዛቱ የሰነዶች ቢሮ ነው። ኢሊኖይ 60 ቀን ይሰጣል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2005ቱ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያው ይግባኝ 30 ቀን፣ ወደ መረጃ ኮሚሽኑ ለሚሄደው ሁለተኛው ይግባኝ 90 ቀን ትሰጣለች። ደቡብ አፍሪካ በማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ላይ ለውስጥ ይግባኝ 60 ቀን ትሰጣለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ሕጓ አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ለአስተዳደር ፍትሕ ኮሚሽን አቅርቡ ትላለች። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የዚህ ዓይነት አቤቱታ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚደርስበት መንገድ አለ።

ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ የአስተዳደር ይግባኝ የሚባል ደረጃ በሕጉ የለም፤ ቀጣዩ በር ፍርድ ቤት ነው። ቴክሳስ ነገሩን ገልብጦታል። እዚያ ከተማው ሰነድ መከልከል ከፈለገ በአብዛኛው ራሱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ጠያቂውም ሐሳቡን በጽሑፍ ማስገባት ይችላል። ስለዚህ «ጓደኛዬ በዚህ መንገድ አሳክቶታል» የሚለውን ወሬ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ጓደኛችሁ ሌላ ግዛት ሊሆን ይችላል።

ቀኑን ስትቆጥሩ ሁለት ነገር ያደናግራል። «ቀን» ሲል የሥራ ቀን ነው ወይስ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል? የሚቆጠረውስ ከደብዳቤው ቀን ነው ወይስ ከደረሳችሁ ቀን? እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቶሎ የሚያልቀውን ያዙ። ፖስታውን አትጣሉ፤ ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ማስረጃ ነው። ኢሜይል ከሆነ ቀንና ሰዓቱ ከነላኪው አድራሻ በሚታይበት ሁኔታ በፒዲኤፍ አስቀምጡት።

3. አንድ ማህደር ክፈቱ

ረጅም ሥራ አይደለም። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁን፣ ማረጋገጫውን፣ መልሱን፣ በመሃል የተጻጻፋችሁትን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ከላዩ ላይ የአንድ ገጽ የቀን ዝርዝር አድርጉበት፦ በዚህ ቀን ጠየቅኩ፣ በዚህ ቀን ጊዜ አራዘሙ፣ በዚህ ቀን ከለከሉ። ስልክ ከደወላችሁም ያነጋገራችሁትን ሰው የሥራ ድርሻና የተባለውን ጻፉ። ከፍተኛ አካል ጋ ስትደርሱ ያቺ አንዲት ገጽ ብዙ ማብራሪያ ታስቀራለች።

4. አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ግን ቀኑ እንደማይቆም እወቁ

ብዙ ክልከላ ከአለመግባባት ይመጣል። እናንተ «ሁሉንም የግንባታ ሰነድ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሠራተኛው አምስት ሺህ ገጽ ይታየዋል። ደውላችሁ «የምፈልገው የመጨረሻውን የፍተሻ ሪፖርት ብቻ ነው» ስትሉ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ይሆናል። በትሕትና አናግሩ። ሠራተኛው ጠላታችሁ አይደለም፤ ነገም እሱ ጋ ነው የምትመለሱት።

የተስማማችሁበትን ግን በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፉለት። «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው…» ብላችሁ ጀምሩ። «እናየዋለን፣ ትንሽ ታገሱን» ከተባላችሁም ታገሱ፤ ይግባኙን ግን በቀኑ አስገቡ። የቃል ተስፋ ቀነ ገደብ አያራዝምም። ሰነዱን ከሰጧችሁ ይግባኙን ማንሳት የአንድ መስመር ሥራ ነው።

5. ደብዳቤውን ጻፉ

ጠበቃ አያስፈልግም። ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስሜት አታብዙበት። «ሌቦች ስለሆናችሁ ነው የምትደብቁት» የሚል ደብዳቤ አንባቢውን ተከላካይ ያደርገዋል። ለምን ሰነዱን እንደፈለጋችሁ መናገርም በአብዛኛው ግዴታ የለባችሁም። የሕዝብ ጥቅም የሚያስነሳ ክርክር ካላችሁ ግን ንገሯቸው፤ ያግዛችኋል።

እኔ የምጠቀምበት አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ለይግባኝ ሰሚ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ በቁጥር ____ በቀን ____ በተሰጠኝ የክልከላ መልስ ላይ የቀረበ ይግባኝ

በቀን ____ የሚከተሉትን ሰነዶች እንዲሰጡኝ ጠይቄ ነበር፦ ____። በቀን ____ በተጻፈ ደብዳቤ ጥያቄዬ በአንቀጽ ____ ምክንያት ውድቅ ተደርጓል። ይህን ውሳኔ በመቃወም በሕጉ አንቀጽ ____ መሠረት በጊዜ ገደቡ ውስጥ ይግባኝ አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፣ ደብዳቤው የተጠቀሰው አንቀጽ እነዚህን ሰነዶች እንዴት እንደሚመለከት አላብራራም።
ሁለተኛ፣ ከሰነዱ ውስጥ የሚከለከል ክፍል ቢኖር እንኳ ያ ክፍል ብቻ ተሸፍኖ የቀረው ሊሰጠኝ ይገባል።
ሦስተኛ፣ ____።

ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ ሰነዶቹ እንዲሰጡኝ፣ የሚከለከል ክፍል ካለም የእያንዳንዱ ምክንያት ከነአንቀጹ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የክልከላው ደብዳቤ»

«ሦስተኛ» ያልኩት ቦታ ላይ ነው የእናንተ ጉዳይ የሚገባው። ሌላው አጥንት ነው፤ ሥጋው እሱ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

6. ለተሰጣችሁ ምክንያት መልስ ስጡ

ሁለት ነገሮች በአብዛኞቹ ሕጎች ውስጥ ስላሉ በልባችሁ ያዟቸው። የማስረዳት ሸክሙ የከልካዩ ነው፤ እናንተ «ለምን ይሰጠኛል» ብላችሁ አታስረዱም፣ እነሱ «ለምን አንሰጥም» የሚለውን ያስረዳሉ። የሚከለከለው ነገር ደግሞ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚተረጎመው። ከዚያ ወደየራሱ ምክንያት ግቡ።

«የግለሰብ መረጃ አለበት።» ይሄ ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው፣ ሙሉ ሰነድ ለመከልከል ግን አይበቃም። የቤት አድራሻ፣ የስልክና የመታወቂያ ቁጥር ይሸፈን በሏቸው። የሹመኛ ስም፣ የሥራ ድርሻና በሥራው ላይ የፈረመው ፊርማ ግን ከግል ሕይወቱ ጋር ምን አገናኘው? ይህን በግልጽ ጻፉ። የእውነት የሰው ምስጢር ያለበትን፣ ለምሳሌ የሕክምና ማስረጃን፣ አትከራከሩበት። ያን መተው ለቀሪው ክርክራችሁ ክብደት ይሰጠዋል።

«የንግድ ምስጢር ነው።» ከተቋራጭ ጋር የተደረገ ውል ስትጠይቁ ይሄ አይቀርም። የማምረቻ ዘዴ ምስጢር ሊሆን ይችላል። ከሕዝብ ገንዘብ የተከፈለው ጠቅላላ ዋጋ፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ የዋስትናው ዘመን ግን ሌላ ነገር ነው። ምስጢር ነው የሚሉትን መስመር በመስመር እንዲለዩ ጠይቁ። «ድርጅቱ አይሰጥብኝ ብሏል» የሚል መልስ ከመጣም የሚወስነው ሕጉ እንጂ ድርጅቱ እንዳልሆነ አስታውሷቸው።

«በምርመራ ላይ ነው።» ምርመራው አሁንም ክፍት ነው ወይ? ተዘግቶ ከሆነ የተዘጋበትን ቀን ጥቀሱ። ክፍት ከሆነም ሰነዱ መውጣቱ ምርመራውን በምን እንደሚጎዳ ያስረዱ። የጉዳት ስጋት አለ ማለት ብቻ ጉዳቱን አያሳይም።

«ረቂቅ ነው፣ የውስጥ ምክክር ነው።» ሠራተኞች ሳይፈሩ ሐሳብ እንዲለዋወጡ የሚጠብቅ ክልከላ ነው፤ ዓላማው አግባብ ነው። የሚጠብቀው ግን አስተያየትን ነው። ቁጥር፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመስክ ፍተሻ፣ የመጨረሻ ውሳኔ አስተያየት አይደሉም። ሐሳቡን ሸፍናችሁ እውነታውን ስጡኝ በሉ።

«ሰነዱ የለንም።» እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከሁሉ ይበልጥ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ የሰፈራችንን የጎርፍ ማውረጃ ቦይ የሠራው ተቋራጭ ውል እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «የተጠየቀው ውል በመዝገባችን ውስጥ አልተገኘም።» ቦዩ ግን ተሠርቶ አልቋል። በየቀኑ በላዩ እሻገራለሁ። እንዴት ውል አይኖረውም?

ቁጭ ብዬ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤዎች ማገላበጥ ጀመርኩ። ቃለ ጉባኤ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገኝም። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ግርጌ ላይ አገኘሁት። ለዚያው ሥራ ሁለተኛ ክፍያ መጽደቁን ይናገራል፤ የውል ቁጥሩም ተጽፏል። ገጹን ኮፒ አድርጌ፣ ቁጥሩን አስምሬ ከይግባኙ ጋር አያያዝኩት። ጽሑፌም አጭር ነበር፦ «ውሉ በዚህ ቁጥር ክፍያ ተፈጽሞበታል። በዚህ ቁጥር፣ በፋይናንስ ክፍልም ጭምር እንዲፈለግ እጠይቃለሁ።» ውሉ መጣ። ለካ ማህደሩ የተከፈተው በመንገድ ጥገና ስም ነበር። ሠራተኛዋ «ጎርፍ» እና «ቦይ» ብላ ፈልጋ አጣችው እንጂ አልደበቀችኝም።

ስለዚህ «የለም» ስትባሉ ሁለት ነገር አድርጉ። ሰነዱ መኖሩን የሚያሳይ ዱካ ፈልጉ፦ ቃለ ጉባኤ፣ በጀት፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ፈቃድ ላይ የተጻፈ ቁጥር፣ በሌላ ደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሰ አባሪ። ከዚያ ፍለጋው እንዴት እንደተደረገ ጠይቁ። የትኛው ክፍል ተፈለገ? በምን ቃል? ኢሜይልስ ታየ? ሰነዱ የተወገደ ከሆነ መቼና በየትኛው የማስወገጃ መመሪያ?

«ጥያቄው ሰፊ ነው» ከተባላችሁ ይግባኝ ከማለት ጥያቄውን ማጥበብ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ቀን ወስኑለት፣ ክፍል ወስኑለት። በዋጋ ከሆነ የተጣላችሁት የስሌቱን ዝርዝር ጠይቁ፦ ስንት ገጽ፣ ስንት ሰዓት፣ በሰዓት ስንት። በኤሌክትሮኒክ ያለ ፋይል ለምን ታትሞ በገጽ ይከፈልበታል? ኤክሴል ከሆነ ኤክሴሉን ላኩልኝ በሉ።

7. አስገቡ፤ መድረሱንም አረጋግጡ

አድራሻው ደብዳቤው ላይ ወይም ሕጉ ላይ የተሰየመው ይሁን። ይግባኙን ለከለከላችሁ ሠራተኛ ብቻ መስጠት ብዙ ቦታ እንደገባ አይቆጠርም። በአካል ካስገባችሁ በራሳችሁ ግልባጭ ላይ ማህተምና ቀን አስመቱ። በፖስታ ከሆነ በአደራ ላኩ። በኢሜይል ከሆነ «ደርሶናል» የሚል መልስ ጠይቁ፤ በሁለት ቀን ካልመጣ ደውሉ። በመጨረሻው ቀን ማታ አትላኩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ የደረሰ ነገር በማግሥቱ እንደገባ ሊቆጠር ይችላል።

የሚወሰንበትን ቀንም ካላንደር ላይ አስፍሩት። ያ ቀን ሲያልፍ የሚቀጥለው ቆጠራ ይጀምር ይሆናልና።

8. አሁንም «አይሆንም» ካሉ

ከውስጥ ይግባኝ ቀጥሎ በብዙ ቦታ ገለልተኛ አካል አለ። እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ ምክር ቤቱ በ20 የሥራ ቀን መመለስ አለበት፤ ካልረካችሁ የውስጥ ዳግም ምርመራ ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ የመረጃ ኮሚሽነሩ ጋ፣ ከሱ በኋላ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ልዩ ችሎቱ ጋ ትሄዳላችሁ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግና የራሷ ኮሚሽነር አላት። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት እንባ ጠባቂ መድባ ሁለቱን ወገን በነፃ ታሸማግላለች። ሽምግልና ካለ ሞክሩት፤ ጥያቄው በጣም ሰፊ ሲሆን ወይም በዋጋ ስትጣሉ በተለይ ይጠቅማል።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ የይርጋ ቀኑም አጭር ሊሆን ይችላል። በኒውዮርክ ከመጨረሻው የክልከላ ውሳኔ በኋላ ያለው አራት ወር ነው። እዚህ ላይ ጠበቃ አማክሩ። ጠያቂው ሲያሸንፍ የጠበቃ ወጪውን መሥሪያ ቤቱ እንዲከፍል የሚያደርጉ ሕጎች አሉ፤ ካሊፎርኒያ አንዷ ናት። ህንድ ውስጥ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ወይም የከለከለ ሠራተኛ በቀን 250 ሩፒ፣ ቢበዛ 25,000 ሩፒ ከራሱ ሊቀጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ እናንተም ጋ ካለ ይግባኙ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱት። ማስፈራሪያ አታድርጉት፤ መጥቀሱ ይበቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ከመከራከር አዲስ ጥያቄ መጻፍ ይቀላል። ይግባኙ በቀን መዘግየት ከወደቀ ያው ሰነድ እንደገና እንዳይጠየቅ የሚከለክል ነገር ብዙ ቦታ የለም። ጥያቄውን አጥብባችሁ፣ የማህደሩን ቁጥር ጠቅሳችሁ እንደ አዲስ አስገቡት። ቀነ ገደቡም ከዚያ አዲስ ይቆጠራል።

9. ሰነዱ ሲመጣ

ደስ ብሏችሁ ወዲያው አትዝጉት። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጠገቡ አድርጉና አንድ በአንድ አመሳክሩ። የገጽ ቁጥሩ ይዘላል? «አባሪ 2ን ይመልከቱ» ብሎ አባሪ 2 የለም? በጥቁር የተሸፈነው ሁሉ አንቀጽ ተጠቅሶለታል? የጎደለ ካለ በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው። በከፊል የተሰጠ ሰነድም ይግባኝ ይባልበታል፤ የሱም ቀን መቆጠር ጀምሯል።